ብዙ መስኮት፣ አንድ መዝገብ

ተርሚናል ላይ የሚውል ሰው አንድ መስኮት አይበቃውም። በአንዱ የሰርቨሩን ሎግ ይከታተላል፣ በሌላው ኮድ ይሠራል፣ በሦስተኛው ዳታቤዙን ይፈትሻል። ሼሉ የተጻፈለትን ትእዛዝ ስለሚያስታውስ፣ ትናንት በስንት ድካም የተቃናችው ረጅም ትእዛዝ ዛሬ እንደገና ከባዶ አትጻፍም። ጣጣው የሚመጣው መስኮቶቹ ሲበዙ ነው።

በአብዛኛው ሊኑክስ ላይ የምናገኘው ባሽ የተባለው ሼል፣ ቅንብሩ ካልተነካ፣ የየመስኮቱን የትእዛዝ ዝርዝር በየራሱ ሜሞሪ ይዞ ይቆይና መስኮቱ ሲዘጋ ፋይል ላይ ያሰፍራል። መስኮቶቹ አይተዋወቁም። መሀል ላይ መብራት ከሄደ የዕለቱ ዝርዝር አብሮ ይሄዳል። ይህን በጥቂት መስመር ማስተካከል ይቻላል፤ ብዙ ሰውም አስተካክሎ ይጠቀምበታል። እኔ ማድነቅ የምፈልገው ግን ዚ ሼልን ነው። ፖል ፎልስታድ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1990 አወጣው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ እጅ አልፎበታል፤ አፕልም እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የማክ ቀዳሚ ሼል አድርጎታል።

ሼር ሂስትሪ የሚባለውን አማራጭ ያበራ ሰው፣ በአንዱ መስኮት የጻፈውን ትእዛዝ በሌላው ኢንተር ነክቶ ያገኘዋል። ከላይ የሚታየው ይኸው ነው። ሙያው ያለው ከሥር ነው።

ትእዛዞቹ የሚሰፍሩበትን የመዝገብ ፋይል ከፍታችሁ እዩት። እያንዳንዱ ትእዛዝ «: 1700000000:0;» በሚመስል ምልክት ይጀምራል። ረጅሙ ቁጥር እ.ኤ.አ. ከ1970 መግቢያ ጀምሮ የተቆጠረ ሰከንድ ነው፤ ይሄኛው ኖቬምበር 2023 ላይ ይውላል። መጀመሪያ ላይ ያለችው ኮለን በዩኒክስ ሼሎች ዘንድ ራሷን የቻለች ትእዛዝ ናት፤ ሥራዋ ምንም አለመሥራት ነው። ስለዚህ መስመሩ እንዳለ ተቀድቶ ሼል ላይ ቢለጠፍ ኮለኗ ቁጥሮቹን ተቀብላ ዝም ትላለች፣ ከሴሚኮለኑ ወዲያ ያለው ይሠራል። መዝገቡ ጊዜ ተጽፎበትም ትእዛዝነቱን አልለቀቀም።

ሰዓቱም ለጌጥ አልተጻፈም። እያንዳንዱ መስኮት ፋይሉን እስከ የት እንዳነበበ ማወቅ አለበት። ቦታውን ብቻ ቢይዝ፣ ሌላ መስኮት ፋይሉን አሳጥሮ እንደገና የጻፈው ዕለት ምልክቱ ይከሽፋል። ሰዓቱ ግን መስመሩ የትም ቢዛወር አብሮት ይሄዳል። የዚ ሼል መመሪያ ይህን ሁሉ በቅንፍ ውስጥ ጣል አድርጎት ያልፋል፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

ማሳጠሩም ሆን ተብሎ የተለካ ነው። መዝገቡ 10,000 ትእዛዝ እንዲይዝ ከተባለ፣ አንድ በጨመረ ቁጥር ፋይሉን እየገለበጡ መጻፍ ዲስኩን ያለ ሥራ ያደክማል። ስለዚህ 20 በመቶ እስኪያልፍ፣ ማለትም 12,000 ገደማ እስኪደርስ፣ ይታገሠዋል። ከዚያ በነባሩ ላይ አይጽፍም፤ አዲስ ፋይል ጎን ለጎን ጽፎ ጨርሶ፣ በመጨረሻ ስሙን ለውጦ በነባሩ ቦታ ይተካዋል። በጽሑፉ መሀል አንድ ነገር ቢቋረጥ አሮጌው መዝገብ ሳይነካ ይገኛል።

የመዝገብ መጋራት ትልቁ አደጋ ግን የጣት ልማድ ነው። ሰው ወደ ላይ የምታመለክተውን ቀስት ሲጫን አሁን እዚሁ የጻፈውን ይጠብቃል። በምትኩ ከሌላ መስኮት የመጣ የማጥፊያ ትእዛዝ ብቅ ቢልና ሳያይ ኢንተር ቢጫን ጉድ ይፈላል። ዚ ሼል ለዚህ ከሌላ መስኮት የመጣውን ትእዛዝ ለይቶ ያውቀዋል፤ ዝርዝሩን ሲያሳይም ከቁጥሩ አጠገብ ኮከብ ያደርግበታል። ቀስቷ የዚህን መስኮት ትእዛዞች ብቻ እንድትጎበኝ፣ ኮንትሮል-አር ደግሞ የሁሉንም እንዲፈልግ ማድረግ ይቻላል። በእኔ ግምት ትክክለኛው አሠራር ይህ ነው፤ ቅርቡ ለእጅ፣ ሩቁ ለፍለጋ።

ሼር ሂስትሪ አንድ የሚቀርበት ነገር አለ። ትእዛዙ ወዲያው ለሌሎች እንዲዳረስ ሳያልቅ ስለሚጻፍ፣ ስንት ሰከንድ እንደፈጀ በትክክል አይመዘገብም። ያንን የፈለገ ሌላ አማራጭ አለው፤ ሁለቱን አብራችሁ አታብሩ ሲል መመሪያው በግልጽ ይናገራል።

ሌላም አለ፦ በባዶ ቦታ የጀመረ ትእዛዝ መዝገብ እንዳይገባ ማድረግ ይቻላል፤ የይለፍ ቃል ላለበት መስመር ይጠቅማል። ሆኖም መስመሩ ወዲያው አይጠፋም። ፊደል ስታችሁ እንደሆነ እንድታርሙት ቀጣዩ ትእዛዝ እስኪጻፍ ይቆያችኋል። ሰው ሲሠራ ተቀምጦ ያየ እንጂ ሌላ ይህን አያስብም።

ይህን ለመሞከር የምታስቡ፣ ከሼር ሂስትሪ በፊት የመዝገቡን ፋይል ስምና የሚይዘውን መጠን ቅንብራችሁ ውስጥ ጻፉ። ፋይል ያልተሰየመለት ዚ ሼል ሲዘጋ ምንም አያስቀምጥም።