«መጋጠሚያ» ወይስ ስፍራ? ስለ ማያና ስለ መስኮት ስያሜዎች የቀረበ ሂስ

በኮምፒዩተር አማርኛ ውስጥ «መስኮት» እና «ማያ» የተባሉት ስያሜዎች ጸንተዋል። «ክሮም» የተባለው ማሰሻ «አዲስ መስኮት» ይላል፤ በእጅ ስልኮችም «ማያ ገጽ» የሚለው ተለምዷል። «ኮኦርዲኔት»ን ለመተካት የሚውለው «መጋጠሚያ» ግን፣ በእኛ አስተያየት፣ ሳይመረመር ሊጸድቅ አይገባውም።

የቃሉ ደጋፊዎች ምክንያት አላቸው። ኬክሮስና ኬንትሮስ በአንድ ነጥብ ስለሚገናኙ፣ ነጥቡን መጋጠሚያ ማለት ለጂኦግራፊ ያስኬዳል። ይሁንና ለጎንደር ሰው መጋጠሚያ ማለት እንደ አዘዞ ያለ፣ የመተማው መንገድ ከዋናው መንገድ የሚገናኝበት ቦታ ነው። ፕሮግራም ጸሐፊው የሚሻው ግን ሁለት ቁጥሮችን ነው፤ ከሁሉ አስቀድሞም ቁጥሮቹ ከየት ተነሥተው እንደተቆጠሩ ማወቅ አለበት።

ነገሩን በምሳሌ እንመልከት። የአንድ መስኮት የሥራ ክፍል፣ ማለትም ከርእስ አሞሌውና ከጠርዙ በስተውስጥ ያለው፣ ከማያው የግራ ላይኛ ጥግ 200 ነጥብ ወደ ቀኝ፣ 150 ነጥብ ወደ ታች ይጀምራል እንበል። በውስጡ ያለ አዝራር ከሥራ ክፍሉ ጥግ 40 በ30 ቢርቅ፣ ከማያው ጥግ 240 በ180 ይርቃል። የሥራ ክፍሉ ጥግ ወደ 500 በ100 እንዲሄድ መስኮቱ ቢጎተት፣ የፊተኛው ልክ አይለወጥም፤ የኋለኛው 540 በ130 ይሆናል። የፋሲል ግንብ መስኮት ከግድግዳው አይነቃነቅም፤ የኮምፒዩተሩ መስኮት ግን ተንቀሳቃሽ ነው። ሁለቱንም ልክ በደፈናው «መጋጠሚያ» ያለ ተርጓሚ፣ አንባቢው ምናሌውን ከአዝራሩ ርቆ እንዲዘረጋ ያደርገዋል።

ችግሩ ሁለት ማያዎች ጎን ለጎን ሲቀጠሉ ይብሳል። በዚያን ጊዜ «መጋጠሚያ» ሲባል አንባቢ የሚረዳው ሁለቱ ማያዎች የሚገናኙበትን ድንበር ነው። ከዋናው ማያ በስተግራ ባለው ማያ ላይ ደግሞ የአግድሙ ቁጥር ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ መነሻው በግልጽ ካልተነገረ ይህ ቁጥር ስሕተት ይመስላል።

ሁለተኛውን ቁጥር «ከፍታ» ማለትም እንዲሁ ያሳስታል። ከደባርቅ ተነሥቶ ሊማሊሞን የሚወርድ መንገደኛ የሄደበትን ርቀት ሲቆጥር ቁጥሩ ይጨምራል፤ ያለበት ከፍታ ግን ይቀንሳል። የማያ ቁጥርም ወደ ታች በወረዱ መጠን ይጨምራልና፣ ተገቢው ቃል «ቁልቁል» ነው፤ የፊተኛውም «አግድም» ይባል።

ስለዚህ «ስፍራ ከማያ ጥግ» እና «ስፍራ ከመስኮት ጥግ» የሚሉትን እናቀርባለን። «የመስኮት ስፍራ» ብሎ ማሳጠር አይበጅም፤ መስኮቱ ራሱ ያለበትን ቦታም ያሰማልና። ስያሜያችን ረዘመ የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን መነሻውን የምትነግረው «ከ» የተባለችው አንዲት ፊደል ናት፤ እርሷን ለማሳጠር ሲባል መጣል ትርጉሙን መጣል ነው። «መጋጠሚያ» ለካርታና ለመንገድ ይቆይ።