ብረቱና መዝገቡ፦ የስፒትፋየር አፍቃሪዎች የሚወዱት ምንድን ነው?

በሴፕቴምበር 1980 (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በሰሜን ፈረንሳይ፣ ካሌ አጠገብ፣ ማዕበል አሸዋውን ጠራርጎ የአንድ አውሮፕላን ስብርባሪ ገለጠ። ሜይ 24 ቀን 1940 ተመትቶ የወደቀ፣ ስፒትፋየር የተባለው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ነበር። አብራሪው ፒተር ካዘኖቭ በባሕሩ ዳርቻ በሆዱ አሳርፎት ወጣ፤ ካሌን ሲከላከሉ ከነበሩት የእንግሊዝ ወታደሮች ጋር ተቀላቀለ፤ ከተማዋ ስትያዝም ተማረከ። አውሮፕላኑን አሸዋ ዋጠው። መለያ ቁጥሩ ፒ 9374 ነበር።

ከአርባ ዓመት በኋላ ከጨው ውኃ የተረፈው ጥቂት ነገር ነው። ቢሆንም ያ ጥቂት ነገር ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ፣ ዓመታት የፈጀ ሥራ ተሠርቶበት፣ አብዛኛው አካሉ በአዲስ ብረት ተተክቶ በ2011 ዳግመኛ በረረ። በጁላይ 2015 በክሪስቲስ ጨረታ ከ3 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ተሸጠ፤ ገቢው ለእንግሊዝ አየር ኃይል አባላት መርጃ ድርጅትና ለዱር እንስሳት ጥበቃ ዋለ። እንግዲህ ገዢው ያን ሁሉ ገንዘብ የከፈለው ለምኑ ነው? ብረቱ በአብዛኛው የዚህ ዘመን ሥራ ነው። ካዘኖቭ በዚያ ቀን የነካው ነገር በውስጡ ብዙ የለም።

የጦርነት ዘመን ተዋጊ አውሮፕላኖችን ስለሚወዱ ሰዎች የተጻፈው አብዛኛው ነገር ይህን ጥያቄ ዘልሎ በቀጥታ ወደ ውበት ይገባል። የዚህ ዳሰሳ መከራከሪያ ሌላ ነው፤ አፍቃሪው ከሁሉ በላይ የሚወደው የአውሮፕላኑን የሕይወት ታሪክ ነው። ፍቅሩ ከቅርጽ ሊጀምር ይችላል፤ የሚጸናው ግን በመለያ ቁጥር፣ በበረራ ደብተርና በጥገና መዝገብ ላይ ነው። ጥንካሬውም ጉድለቱም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

ውበቱን መካድ ግን አይገባም። ሬጂናልድ ሚቸል የነደፈው የመጀመሪያው ስፒትፋየር ማርች 5 ቀን 1936 ሳውዝሃምፕተን አጠገብ ካለው የኢስትሌይ ሜዳ ተነሣ። ሚቸል በዓመቱ፣ ገና በ42 ዓመቱ፣ በካንሰር ሞተ፤ ዲዛይኑ ለጦርነት ሲሰለፍ አላየም። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ያ ሞላላ ክንፍ የካናዳዊው የበቨርሊ ሸንስቶን እጅ ያለበት ሥራ ነው፤ የተመረጠውም ለዓይን ብሎ አይደለም። ክንፉ የአየርን መጎተት እንዲቀንስ ቀጭን መሆን ነበረበት፤ በዚያው ቀጭን ክንፍ ውስጥ ደግሞ ታጣፊው ጎማና ስምንት መትረየሶች መግባት ነበረባቸው። ሞላላው ቅርጽ ሥሩ አካባቢ ሰፊ ሆኖ ስለሚቆይ ሁለቱን ፍላጎቶች አስታረቃቸው። ይህን የሚያውቅ ሰው ክንፉን ሲያይ የሚያደንቀው መስመሩን ብቻ አይደለም፤ የችግሩን አፈታትም ነው።

ነገር ግን ውበት ብቻውን አያስረዳም። በ1940ው የብሪታንያ የአየር ውጊያ በብዛት የተሰለፈውም፣ ብዙ የጠላት አውሮፕላን የጣለውም ሃሪኬን የተባለው ሌላው የእንግሊዝ ተዋጊ ነበር። የሲድኒ ካም ሥራ የሆነው ሃሪኬን የኋላ አካሉ በብረት ቱቦ አጽም ላይ የተወጠረ ሸራ ስለነበር ጥይት ሲበሳው ቶሎ ተጠግኖ ይመለሳል። ውጤቱ ይህ ሆኖ ሳለ ልብ የወሰደው ስፒትፋየር ነው። ለምን?

መልሱ ያለው ከሰማዩ ይልቅ በምድር ላይ፣ በገንዘብ መሰብሰቢያው ሣጥን ዙሪያ ነው። በሜይ 1940 የአውሮፕላን ምርት ሚኒስትር የሆነው ሎርድ ቢቨርብሩክ ሕዝቡን የድስትና የመጥበሻ አሉሚኒየም ለመነ። የስፒትፋየር ፈንድ የተባለው መዋጮም በየከተማው ተስፋፋ። የአንድ አውሮፕላን ዋጋ 5,000 ፓውንድ ተብሎ ተተመነ፤ እውነተኛው ወጪ ከዚያ የበለጠ ነበር። የዕቃዎቹ ዋጋ ዝርዝር ታትሞ ተበተነ፤ ስድስት ፔኒ ያለው ልጅ አንድ ሪቬት፣ የተሻለ ያለው መትረየስ፣ ማኅበር ያቋቋመ ክንፍ ይገዛል። ዶሮቲ የሚባሉ ሴቶች ለብቻቸው አዋጥተው አንድ አውሮፕላን በስማቸው አስጠሩ። ቅኝ ግዛቶችም ከፈሉ። የለጋሹ ስም በአብራሪው መቀመጫ አጠገብ ባለው የአውሮፕላኑ ጎን ላይ ይጻፍ ነበር።

ከዚህ ዝርዝር ውስጥ ሊተኮርበት የሚገባው የስሙ መጻፍ ነው። ከሃያ ሺህ በላይ ስፒትፋየሮች ተሠርተዋል፤ ሕዝቡ ግን የለመደው አንዱን ለይቶ የራሱ ማድረግን ነው። ልጁ የገዛው ሪቬት የት እንደተመታ አያውቅም፤ የከተማው ስም ያለበት አውሮፕላን ግን አንድ ቦታ አለ፤ ይበራል፣ ይመታል፣ ይጠገናል። የዛሬው አፍቃሪ አንድን ቁጥር ይዞ መዝገብ ቤት ሲገባ የሚያደርገው የዚያ ልማድ ቀጣይ ነው።

መዝገብ አውሮፕላንን ከሞት ሊያድን እንደሚችል ፒ 7350 ምስክር ነው። ይህ ስፒትፋየር በ1940ው ውጊያ ተካፍሏል፤ በኦክቶበር መጨረሻ ገደማ በጀርመኑ ተዋጊ በመሰርሽሚት ጥይት ተመትቶ በግድ አርፏል፤ የቀዳዳዎቹ ጥገና አሁንም ግራ ክንፉ ላይ ይታያል። በ1948 ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ኩባንያ በ25 ፓውንድ ተሸጠ። ኩባንያው ግን አብረው የመጡትን ወረቀቶች አገላብጦ የገዛው ምን እንደሆነ ሲረዳ ወደ ምድጃ ከመክተት ተቆጥቦ ለአየር ኃይሉ ሙዚየም ሰጠው። ኋላም የብሪታንያን ውጊያ ለመዘከር በ1957 የተቋቋመው የአየር ኃይሉ የበረራ ክፍል ንብረት ሆነ። በዚያ ዘመን በሺህ የሚቆጠሩ እህቶቹ ተመዝነው ቀልጠዋል። እሱን የለየው ብረቱ አልነበረም፤ ያው ብረት ነው። የለየው ወረቀቱ ነው።

ስለዚህ ፒ 9374ን «ይህማ አዲስ አውሮፕላን ነው» ብሎ ማጣጣል ነገሩን መሳት ይሆናል። በጦርነቱ ጊዜም ቢሆን አንድ ተዋጊ አውሮፕላን ከፋብሪካ እንደወጣ አልኖረም። ሞተሩ ሰዓቱን ሲጨርስ ይወጣና ሌላ ይገባል፤ የተመታ ክንፍ ይነቀላል፤ በየአካባቢው የተደራጁት የሲቪል ጥገና ጣቢያዎች ከሁለት ሦስት ስብራት አንድ የሚበር ነገር ያወጡ ነበር። ሳይቋረጥ የተላለፈው ቁጥሩና መዝገቡ ብቻ ነው። የዛሬው ጠጋኝ በዚያው ሥርዓት እስከሠራ፣ የተካውንም ጽፎ እስካስቀመጠ ድረስ ታማኝ ነው። የማይታመነው ታሪክ የሌለውን ብረት በታሪክ የሚያለብሰው ነው።

ፍቅር ከመዝገብ ሲለይ የት እንደሚደርስ ደግሞ በርማ ታይቷል። ዴቪድ ከንደል የተባለ እንግሊዛዊ ገበሬ በጦርነቱ ማብቂያ በርካታ ስፒትፋየሮች በሣጥን እንደታሸጉ ራንጉን አየር ማረፊያ ተቀብረዋል የሚል የዓይን ምስክሮች ቃል ይዞ ለዓመታት ደከመ። ወሬው እያደገ ሄዶ በ2012 የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ዴቪድ ካሜሮን ጉዳዩን ለበርማ መንግሥት እስከማንሣት ደረሰ። በ2013 መጀመሪያ ወርጌሚንግ በተባለ የቪዲዮ ጨዋታ ኩባንያ ገንዘብ ቁፋሮ ተጀመረ። ምንም አልተገኘም። ቡድኑ ያመሳከረው ሰነድም ወደ በርማ የገቡት ስፒትፋየሮች ጥቂት እንደነበሩና አብዛኞቹም ወዲያው እንደወጡ አመለከተ። የሰዎቹ ቅንነት አያጠራጥርም። የጎደላቸው ተቀበረ የተባለው አውሮፕላን መለያ ቁጥር ነው፤ እያንዳንዱ አውሮፕላን ካርድ በነበረው አየር ኃይል ውስጥ ይህን ያህል ሀብት ያለ አንዲት መስመር ጽሑፍ ከመሬት በታች አይገባም።

በአየር ትርኢት ላይ የሚሰማው የስፒትፋየሩ ሞተር የመርሊን ድምፅ ጉዳይ ግን ከመዝገብ ያመልጣል፤ ይህን ማመን ያስፈልጋል። ባለ 12 ሲሊንደሩ፣ 27 ሊትሩ ሞተር ዝቅ ብሎ ሲያልፍ ቁጥሩን የሚጠይቅ ሰው የለም። በ1969 «የብሪታንያ ውጊያ» የተባለው ፊልም ሲወጣ በጀርመን ቀለም የታዩት መሰርሽሚቶች ስፔን የተሠሩ፣ በአፍንጫቸው የእንግሊዝ መርሊን የተሸከሙ ነበሩ። ተመልካቹ ሁለቱም ወገን በአንድ ሞተር ሲዋጋ አይቶ ወደደው።

ይልቁንስ ከበድ ያለው ጉድለት ሌላ ነው። የሕይወት ታሪክ የሚወድ ሰው የአብራሪውን ስም ያገኛል፤ የሠሪውን ግን አያገኝም፤ ካርዱ ላይ የለምና። በሴፕቴምበር 1940 መጨረሻ የጀርመን ቦምብ ጣዮች የሳውዝሃምፕተንን የስፒትፋየር ፋብሪካ ደጋግመው ሲመቱ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ በኋላ ሥራው ተበትኖ ወደ ጋራዦች፣ ወደ ልብስ ማጠቢያ ቤቶች፣ ወደ አውቶቡስ ማደሪያዎች ገባ፤ በሳልዝበሪና በሬዲንግ አካባቢ ከዚያ በፊት ብረት ነክተው የማያውቁ ሴቶች ክንፍ ገጠሙ። የመርሊኑ ካርቡሬተር አብራሪው አፍንጫውን በድንገት ወደ ታች ሲደፋ ሞተሩን ያጠፋ ነበር፤ ጀርመኖቹ ደግሞ ይህን ያውቁ ነበር። በ1941 ነዳጁን የምትመጥን ትንሽ የብረት ቀለበት ሠርታ ችግሩን ያቃለለችው መሐንዲስ ቢያትሪስ ሺሊንግ ናት፤ ከቡድኗ ጋር በየአየር ጣቢያው እየዞረች አስገጠመችው። በመዝገቡ ላይ ይህ «ማሻሻያ ተደርጓል» ከሚል መስመር አያልፍም። ጥሩ አፍቃሪ ከዚያ መስመር ጀርባ ያለውን ሰው ይፈልጋል፤ የሚፈልጉም አሉ፤ ሊበዙ ግን ይገባል።

መዝገቡ የሚዘለው ሰውን ብቻ አይደለም፤ አገርንም ነው። የሃሪኬን ወዳጆች ስለ ለንደን ሰማይ የሚያውቁትን ሩብ ያህል ስለ ድሬዳዋ ቢያውቁ መልካም ነበር። ማርች 15 ቀን 1941፣ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 6 ቀን 1933፣ የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ሃሪኬኖች በጣሊያን እጅ የነበረውን የድሬዳዋ አየር ማረፊያ ሲመቱ የቡድኑ መሪ ጆን ፍሮስት ተመትቶ በአካባቢው ባለ ሜዳ አረፈ። ባልደረባው ሮበርት ከርሾ ከላይ ሆኖ አየው። የጠላት ተኩስ እያለ ወርዶ አረፈ፤ በአንድ ሰው መቀመጫ ውስጥ ፍሮስትን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ተነሣ። ሁለቱም ተረፉ።

ከዚህ የሚቀርበን ደግሞ ፌይሪ ፋየርፍላይ ነው። ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ የሚነሣ፣ ክንፉ የሚታጠፍ፣ ባለ ሁለት መቀመጫ፣ በሮልስ ሮይስ ግሪፈን ሞተር የሚበርና አራት ባለ 20 ሚሊሜትር መድፎች የታጠቀ የጦርነቱ ዘመን ተዋጊ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የካናዳ ባሕር ኃይል ተገለገለበት፤ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የተወሰኑትን ዋና ጣቢያው ደብረ ዘይት ለነበረው የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት አየር ኃይል ሸጠ። ለመርከብ የተበጀው አውሮፕላን በደጋ ሜዳ ላይ አዲስ ሥራ ያዘ። በ1990ዎቹ ካናዳውያን ከቀሩት አንዳንዶቹን መልሰው ወሰዱ። ከእነሱ አንዱ፣ ፒፒ 462፣ በኖቫ ስኮሺያ ሺርዋተር በሚገኘው የአቪዬሽን ሙዚየም በበጎ ፈቃደኞች እጅ ተጠግኗል።

ለእነዚያ ጠጋኞች ምስጋና ይገባል። አፍቃሪዎቹ ራሳቸው ባቆሙት መለኪያ ግን የአውሮፕላኑ የሕይወት ታሪክ ካናዳ ሲሸጠው ቆሞ፣ ስትወስደው የሚቀጥል ሊሆን አይችልም። በመካከሉ ያሉት የኢትዮጵያ ዓመታት ሙሉ ምዕራፍ ናቸው፤ ግሪፈኑን በደጋ አየር ካስነሡትና ካበረሩት መካከል የአገር ልጆች ነበሩ። ይህን መጻፍ የሚቻለው ከአብራሪዎች የበረራ ደብተር ተነሥቶ ነው፤ በየገጹ ቀኑ፣ የአውሮፕላኑ ቁጥር፣ የበረራው ሰዓትና ዓላማ ይሰፍራል። ቀጥሎ የሚመጣው በየቤተሰቡ አልበም ውስጥ ያለው ፎቶግራፍ ነው። አባት በአውሮፕላኑ ፊት ቆመው በተነሡበት ሥዕል ላይ ከኋላቸው የሚነበበው ቁጥር ከሺርዋተሩ መዝገብ ጋር ሊመሳከር ይችላል፤ በአዲስ አበባ፣ በአሥመራም ሆነ በዋሽንግተን የሚኖሩ የእነዚያ ሰዎች ልጆችም ሥዕሉን ሲያወጡ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቀንና ስም አብረው ይቅዱ።