ነጭ ግድግዳ፣ ጥቁር እንግዳ

ከተሞች ስማቸውን ከወንዝ፣ ከተራራ፣ ከንጉሥ ወይም ከቅዱስ ይወስዳሉ። ቴል አቪቭ ግን ስሟን ያገኘችው ከአንድ ተርጓሚ ነው። ቴዎዶር ሄርዝል በ1902 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው) በጀርመንኛ ያሳተመው ልብ ወለድ ርእሱ «አሮጌ አዲስ ምድር» እንደ ማለት ነበር። ናሆም ሶኮሎቭ መጽሐፉን ወደ ዕብራይስጥ ሲመልስ ርእሱን ቃል በቃል አላስቀመጠውም። የባቢሎን ምርኮኞች የተቀመጡበትን ስፍራ ስም ከትንቢተ ሕዝቅኤል ምዕራፍ 3 ተውሶ «ቴል አቪቭ» አለው። «ቴል» የጥንት ከተማ ፍርስራሽ የተቀበረበት ጉብታ ነው፤ «አቪቭ» ደግሞ የጸደይ ወራት። አሮጌውና አዲሱ በሁለት ቃላት ተገናኙ። በ1909 ከያፎ በስተ ሰሜን የተቆረቆረው ሠፈር በ1910 ይህንኑ ስም ወረሰ።

አንድን ትርጉም የሚመዝን ሰው ሁለት ጥያቄ ያነሣል፤ ምን ተመለሰ? ምንስ ቀረ? ሁለተኛው ይከብዳል፤ የቀረው ነገር በገጹ ላይ አይታይምና። ከትርጉም የተወለደች ከተማም በዚሁ ሚዛን ብትመዘን ተገቢ ነው። ዘመዶቻቸው በዚያች ከተማ የሚኖሩ ብዙ የዚህ መጽሔት አንባቢዎች ቴል አቪቭን የሚያውቋት ከባሕር ዳርቻና ከነጫጭ ሕንጻዎች ፊት ተነሥቶ በተላከ ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ አልዋሸም። ነገር ግን እሱም ትርጉም ነውና የተወው ነገር አለ።

ከተማዪቱ ራሷን ለዓለም የምታስተዋውቅበት ቃል «ነጭ ከተማ» የሚለው ነው። ዩኔስኮ በ2003 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው፣ ከ1930ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1950ዎቹ የተሠራው የከተማዪቱ ክፍል፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ረዣዥም በረንዳ፣ ጠባብ አግድም መስኮትና ምድር ቤቱን ለነፋስ የሚከፍቱ ምሰሶዎች ባሏቸው ቤቶች ይታወቃል። የጎዳናው አቀማመጥ ስኮትላንዳዊው ፓትሪክ ጌዴስ በ1920ዎቹ አጋማሽ ካወጣው ዕቅድ የመጣ ነው። ሕንጻዎቹ ውብ ናቸው፤ ይህን መካድ ሒስ አይደለም። የቅርሱ ክብርም ለእግረኛው የጠቀመበት ጊዜ አለ። ጌንያ አቨርቡክ በ1934 የነደፈችው የዲዘንጎፍ አደባባይ በ1978 ለመኪና መተላለፊያ ሲባል ከመንገዱ በላይ ከፍ ተደርጎ ነበር፤ በ2018 ግን ወደ ቀድሞው ወለል ወርዶ ለእግረኛው ተመለሰ። ጥያቄው የሚመጣው የግድግዳው ቀለም የከተማዪቱ ታሪክ ሆኖ ሲነገር ነው። ነጭ የተባለው ነገር ምኑን አነጻ? ምኑንስ ሸፈነ?

ይህን ጥያቄ በመጽሐፍ ያቀረበው በደቡብ ቴል አቪቭ ነዋሪ የነበረው አርክቴክት ሻሮን ሮትባርድ ነው። «ነጭ ከተማ፣ ጥቁር ከተማ» የተሰኘው ሥራው በ2005 በዕብራይስጥ፣ በ2015 በእንግሊዝኛ ታትሟል። መከራከሪያው ግልጽ ነው። ከተማዪቱ በባዶ አሸዋ ላይ ተወለድሁ ትላለች፤ የአብርሃም ሶስኪን ዝነኛ የ1909 ፎቶግራፍም ሰዎች አሸዋ ላይ ቆመው ቦታ በዕጣ ሲከፋፈሉ ያሳያል። ነገር ግን በአጠገቧ ወደቧ፣ የብርቱካን እርሻዋና ገበያዋ የደመቀ ያፎ ነበረች። ኔቬ ጼዴቅ የሚባለው የአይሁድ ሠፈርም ቢሆን የተቆረቆረው ቴል አቪቭ ሳትኖር በ1887 ነው። በ1948ቱ ጦርነት አብዛኛው የያፎ አረብ ነዋሪ ከቤቱ ወጣ፤ መንሺያ የተባለው የባሕር ዳር ሠፈር ፈራረሰ፤ ከፍርስራሹም ላይ መናፈሻ ተዘረጋ። በ1916 የተሠራው የሐሰን ቤክ መስጊድ ሠፈሩ ሲጠፋ ብቻውን ቀረ። ያፎ በ1950 ወደ ቴል አቪቭ ተጠቃለለች። ሮትባርድ «ጥቁር» የሚለው እንግዲህ ይህን ከነጩ ታሪክ ውጭ የተጣለውን ሁሉ ነው፤ ያፎን፣ መንሺያን፣ የደቡቡን ድኻ ሠፈሮች።

የመጽሐፉ ትልቁ ብርታት ሥነ ሕንጻን ከውበት ወንበሩ አውርዶ በታሪክ ፊት ለምስክርነት ማቆሙ ነው። ካነበቡት በኋላ ነጭ ግድግዳን እንደ ቀድሞው በየዋህነት ማየት ይቸግራል። ጉድለቱም ከዚሁ ብርታት ይወለዳል። ጸሐፊው ግድግዳንና ካርታን አብዝቶ ያነባል፤ በግድግዳውና በግድግዳው መካከል የሚያልፈውን ሰው ግን አልፎ አልፎ ብቻ ይሰማል። ማን እንዳፈረሰ ይነግረናል፤ የተረፈው ሰው በጠዋት ተነሥቶ ምን እንደሚሸጥ፣ በምን ቋንቋ ዋጋ እንደሚከራከር አይነግረንም። ሁለቱ ቀለማትም አንዳንዴ ከልክ በላይ ይጠራሉ። ጎዳና እንዲህ የጠራ ቀለም የለውም።

ጎዳናውን ለማንበብ ከሕንጻ ይልቅ የሳምንቱ ቀን ይረዳል። ዓርብ ከቀትር በኋላ በካርሜል ገበያ ነጋዴው ሰንበት ሳይገባ ዕቃውን ለመጨረስ ይጮኻል፤ ቲማቲሙ ይረክሳል፤ የሰንበቱ ዳቦ ከክንድ በታች ታቅፎ ይሄዳል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መዝጊያው ይወርዳል፤ መደበኛው አውቶቡስም ይቆማል። ቅዳሜ ሰሜኑ ጸጥ ይላል ወይም ወደ ባሕሩ ይወርዳል። በደቡቡ፣ በኔቬ ሸአናን፣ ነገሩ ይገለበጣል። ሳምንቱን ሙሉ ቤት ሲያጸዳ፣ አረጋዊ ሲያስታምም፣ ሰሐን ሲያጥብ የሰነበተው እንግዳ ሠራተኛ የሚያርፈው በዚያ ቀን ነውና ጎዳናው የሚሞላው፣ ስልክ የሚሸጠው፣ ፀጉር የሚቆረጠው ያን ጊዜ ነው። አንዲት ከተማ በአንድ ቀን ሁለት ሰንበት ታከብራለች፤ አንዱ ዝምታ፣ ሌላው ገበያ። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በእግር የሚዘለቅ ነው።

ኔቬ ሸአናን ራሱ የተዛባ ትርጉም ነው ማለት ይቻላል። በ1921 ሲመሠረት ጎዳናዎቹ ሰባት ቅርንጫፍ ያለውን መቅረዝ እንዲመስሉ ነበር የታቀደው፤ ዕቅዱ በከፊል ብቻ ተፈጸመ። ራም ካርሚ የነደፈውና ግንባታው በ1967 የተጀመረው ግዙፍ የአውቶቡስ መናኸሪያ በ1993 እዚያው መካከል ተከፈተ። ከ2006 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት በሲና በረሃ በኩል የገቡ ኤርትራውያንና ሱዳናውያን ብዙዎቹ በአውቶቡስ መጥተው የወረዱት እዚህ ነው፤ በአጠገቡ ባለው የሌቪንስኪ መናፈሻ ሣር ላይ ያደሩም ብዙ ነበሩ። በግንቦት 2012 በደቡቡ ሠፈሮች የተካሄደ ተቃውሞ ወደ ሁከት ተለውጦ አፍሪካውያን ተደበደቡ፤ የሱቆቻቸው መስተዋት ረገፈ። በዚያ ጎዳና ላይ የሚያልፍ ሰው ቤተ እስራኤላዊውን ዜጋና ጥገኝነት ጠያቂውን ኤርትራዊ ለይቶ አያይም። አንዱ የውትድርና አገልግሎቱን የፈጸመ፣ ሌላው የመኖሪያ ወረቀቱን የሚጠብቅ መሆኑ በፊት ላይ አይጻፍም። ቀለም ብቻ የሚያነብ ዓይን ሁለት ታሪክ በአንድ ቃል ይተረጉማል። የመጥፎ ትርጉም የመጀመሪያ ምልክትም ይኸው ነው።

አማርኛስ በዚህ ጎዳና ላይ ምን ይዞታ አለው? በአፍንጫ ከሆነ የታወቀ ነው፤ የቡናው ጭስና የወጡ ሽታ ከምግብ ቤቱ ደጃፍ ያልፋል። በጆሮም ይገኛል። ኢዳን ራይሔል በ2002 ባወጣው የመጀመሪያ አልበም አማርኛ ከዕብራይስጥ ዘፈን ጋር ተዳብሎ በመላ አገሪቱ ተሰማ። ይህ ቀላል ነገር አልነበረም፤ በቤት ውስጥ ሲነገር የኖረ ቋንቋ በዘፈን ወደ ሰፊው አድማጭ ደረሰ። ግን ለአብዛኛው አድማጭ አማርኛው ዜማን የሚያጣፍጥ ድምፅ እንጂ ፍች ያለው ቃል አልነበረም። ቅመም ሆነ፤ እንጀራ አልሆነም። አስቴር ራዳ የሙሉቀን መለሰን «ናኑ ነይ» እንደ ገና ስትዘፍነው ነገሩ አንድ እርምጃ ይራመዳል፤ በእሷ ዘንድ አማርኛው ጌጥ መሆኑ ቀርቶ ዘፈኑን የሚሸከም ምሰሶ ይሆናል። ሆኖም መሰማት አንድ ነገር ነው፤ መነበብ ሌላ።

ለመነበብ የተሠራ አንድ ስፍራ ግን በዚያው መናፈሻ ተገኝቷል። በ2009 የተመሠረተው የሌቪንስኪ የአትክልት ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ ግድግዳም በርም አልነበረውም፤ ለአዋቂ አንድ ረጅም፣ ለሕፃናት አንድ አጭር የመጽሐፍ መደርደሪያ ነበረው። አማርኛና ትግርኛ፣ አረብኛና ቻይንኛ፣ ታይኛና ኔፓልኛ፣ ሌሎችም ተቀምጠውበታል። አደራደሩ በደራሲ ስም ወይም በዘርፍ አልነበረም። መጽሐፉን የመለሰው አንባቢ ምን ተሰማህ ተብሎ ይጠየቃል፤ አዝናናኝ፣ አሰልቺ፣ እንግዳ፣ አሳዛኝ፣ ልብ አንጠልጣይ፣ መንፈስ አነቃቂ፣ ስሜት ቀስቃሽ ከሚሉት አንዱን ይመርጣል፤ መጽሐፉም በመጨረሻው አንባቢ ፍርድ ቦታውን ይለውጣል። ጥገኝነት ጠያቂው በመሥሪያ ቤት መስኮት ፊት ከየት መጣህ ብቻ በሚባልበት ከተማ፣ እዚህ ስለ መጽሐፍ ፍርድ ስጥ ተባለ። ሐያሲ ተደረገ። በዚህ ጸሐፊ እምነት፣ ከሮትባርድ መጽሐፍ የጎደለው ድምፅ ያለው በዚህ መደርደሪያ ላይ ነው። ነጩን ግድግዳ ለመቃወም ጥቁር ግድግዳ አላቆመም፤ ግድግዳውን ተወው።

ጎዳና ማለት በዕብራይስጥ «ረሖቭ» ነው፤ ሥሩ ስፋትን ያመለክታል። ከዚሁ ሥር ግእዙ ሰፊውን ስፍራና አደባባዩን «መርሕብ» ይለዋል። በአማርኛችን ደግሞ አደባባይ ሰፊ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ነገር የሚወጣበት፣ ፍርድ የሚጠየቅበት ነው። ሚያዝያ 2015 አንድ የቤተ እስራኤል ወታደር በሆሎን በፖሊስ ሲደበደብ የሚያሳይ ቪዲዮ ከተሰራጨ በኋላ፣ በግንቦት 3 ቀን ሺዎች የአያሎንን አውራ ጎዳና ዘግተው ወደ ራቢን አደባባይ የሄዱት በዚህ ፍች ነው። ቀኑ በፈረሰኛ ፖሊስና በውኃ መርጫ ቢያልቅም፣ ቅመም ሆኖ የኖረው ማኅበረሰብ ያን ዕለት ዐረፍተ ነገር ሆነ። በ2023 ሌሎች ብዙ ሺዎች የካፕላንን ጎዳና በየሳምንቱ ሞልተዋል፤ ከጥቅምት 2023 በኋላም በጥበብ ሙዚየሙ ፊት ያለው ሜዳ የታጋቾች አደባባይ ተብሏል። ሕዝብ ጎዳናውን ደግሞ ደጋግሞ እንደሚተረጉመው ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም። ልዩነቱ የማን ትርጉም ፈጥኖ ይታተማል የሚለው ነው።

የሮትባርድ መጽሐፍ ወደ አማርኛ ሊመለስ ይገባዋል። ተርጓሚው ግን ከርእሱ ጋር ይታገላል። «ጥቁር ከተማ» ሲባል የእኛ አንባቢ ወዲያው የቆዳ ቀለም ያስባል፤ ደራሲው ደግሞ በመጀመሪያ ያሰበው የተጋረደውን ታሪክ ነው። «የጥላ ከተማ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ስሕተትም አይሆንም። ግን ይለሰልሳል፤ ደግሞም ከ2005 በኋላ በዚያ ሠፈር የሆነውን፣ ቀለም በእርግጥ የቆዳ ጉዳይ የሆነበትን፣ ይሰውራል። «ጥቁር» ይቆይ የምንልበት ሌላም ምክንያት አለ። አማርኛ አይተነው የማናውቀውን፣ ከሩቅ የመጣውን ሰው «ጥቁር እንግዳ» ይለዋል፤ ቢቀላም ቢጠይምም። በዚህ አነጋገር ጥቁሩ ገና ያላወቅነው ነው፤ ስሙን የምንጠይቀው፣ ቦታ የምንለቅለት። ጥቁር ከተማም በአማርኛ ሲነበብ ይህን ፍች ተጨማሪ አድርጎ ይይዛል፤ ከነጯ ከተማ አጠገብ ሲኖር ገና ማንም ማነህ ያላለው ከተማ። ደራሲው ያላሰበውን ነገር ቋንቋችን ሳይዋሽ ከሰጠው፣ ተርጓሚው ሊቀበለው ይገባል።