ንባበ ኦሪትና በዓለ ስግድ

በዓለም የተበተኑ የአይሁድ ምኩራቦች አምስቱን ብሔረ ኦሪት በ54 ክፍለ ንባብ ከፍለው፥ ከሰንበት ወደ ሰንበት እያነበቡ ዓመቱን ሲፈጽሙ፥ መምህራን በየክፍሉ ላይ የጻፉት ሐተታና ተግሣጽ እየተደራረበ እጅግ የበዛ ሥነ ጽሑፍ ወልዷል። የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ግን ከእነዚህ ወገኖቻቸው ተለይተው በኖሩባቸው ዘመናት ይህን ሳምንታዊ ዑደት አልያዙም፤ ስለዚህም ትርጓሜ አልነበራቸውም የሚል ሰው ይገኝ ይሆናል። በእኔ አስተያየት ትርጓሜያቸው በስግድ በዓላቸው ሥርዓት ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል።

ቤተ እስራኤል ኦሪት የሚሉት፥ በአምስቱ ላይ ኢያሱን፥ መሳፍንትንና ሩትን ጨምሮ የያዘ፥ በጥቅልል ፈንታ በመጽሐፍ መልክ የተጠረዘ የግዕዝ ብራና ነው። ግዕዙም ቤተ ክርስቲያን የምታነበው ነው፤ በመቀሌ ዓይናለም ሆኖ በግጻዌ የተመደበውን የዕለቱን ምንባብ የሚሰማ ምእመን፥ በሽሬ አውራጃና በጸለምት ይነበብ የነበረውን የቤተ እስራኤል ቄሶችን ኦሪት ቢሰማው ቃሉ እንግዳ አይሆንበትም። ቄሱ ግዕዙን ካነበበ በኋላ ለሕዝቡ እንደየአገሩ በትግርኛ ወይም በአማርኛ ይፈታለት ነበር።

ስግድ ከአስተስርዮ (ከኃጢአት ማስተስረያ ዕለት) በኋላ በ50ኛው ቀን፥ በዕብራውያን አቆጣጠር በስምንተኛው ወር በ29ኛው ዕለት ይውላል። ሕዝቡ ጾሞ፥ ነጭ ለብሶ፥ ኦሪቱን የያዙትን ቄሶች ተከትሎ ተራራ ይወጣል፤ በዚያም ሕግ በሲና የተሰጠበት የዘጸአት ክፍልና የነህምያ ምዕራፍ 8 እና 9 ይነበባሉ፤ ከቀትር በኋላ ግን ወርዶ በደስታ ይመገባል። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በመጽሐፉ ዕዝራ ሕጉን ያነበበው፥ ሕዝቡም ባለቀሰ ጊዜ እንዲበላና እንዲጠጣ፥ ሐዘኑንም እንዲተው የታዘዘው በሰባተኛው ወር መባቻ ነው፤ ማቅ ለብሶ፥ ትቢያ ነስንሶ የጾመውና ኃጢአቱን የተናዘዘው ደግሞ በዚያው ወር በ24ኛው ቀን ነው። ስግድ ሁለቱን ቀኖች በአንድ ዕለት አገናኝቶ ቅደም ተከተላቸውን ገለበጠ፤ ጾሙና ኑዛዜው ቀደሙ፥ ማዕዱ ኋላ መጣ። ይህ ድንገተኛ አይመስለኝም። ከኢየሩሳሌም ርቆ የሚኖር ሕዝብ፥ ደስታን በእጁ እንዳለ ሳይሆን ከንስሐ በኋላ እንደሚጠበቅ ተስፋ አድርጎ ማንበቡ፥ ማንኛውም ሐታች በብዕሩ ሊያስረዳው ከሚችለው የበለጠ ጥልቅ ነው።

የዜማ ተመራማሪዋ ኬይ ካውፍማን ሼለሜይ እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት የቤተ እስራኤል ሥርዓተ ጸሎትና ዜማ ከኢትዮጵያ ገዳማዊ ክርስትና ጋር የጠበቀ ዝምድና እንዳለው አስረድተዋል። ዝምድናውን እቀበላለሁ፤ ነገር ግን ዜማው ከየት መጣ የሚለው ጥያቄ፥ ሕዝቡ በዜማው ምን ብሎ ጸለየ የሚለውን ሊሸፍነው አይገባም።

የእስራኤል ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ስግድን ብሔራዊ በዓል አድርጎ ደነገገ፤ ሕዝቡም ዛሬ በኢየሩሳሌም ያከብረዋል። ልጆቹ አሁን 54ቱን ክፍሎች በዕብራይስጥ ይማራሉ፤ ይህም የሚገባ ነው። ሆኖም በተራራው ላይ በትግርኛና በአማርኛ ሲነገር የኖረው ትርጓሜ አፍ ለአፍ የተላለፈ እንጂ የተጻፈ ባለመሆኑ፥ በጎንደርና በመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች የምትሠሩ የግዕዝና የታሪክ ሊቃውንት፥ ከእስራኤል ተመራማሪዎች ጋር ሆናችሁ፥ አረጋውያኑ ቄሶች በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን በየቋንቋው ቅዱልን።