የሕፃን ቁም ነገርና የአዋቂ ሳቅ

ምስጢር ያለበት የወንጀል ታሪክ ሲነበብ ሳቅ ከወዴት ይመጣል? ሰው ተገድሎ ወይም ገንዘብ ተሰርቆ፥ ጥፋተኛውም ሳይታወቅ፥ አንባቢው በጭንቀት ተይዞ ሳለ ለሳቅ የሚሆን ስፍራ ያለ አይመስልም። ነገር ግን በዚህ ዓይነት ጽሕፈት የተካኑ ደራሲዎች በታሪካቸው መካከል ሕፃን ሲያስገቡ ሳቁ ወዲያው ይገኛል። ዛሬ ልንመረምር የፈለግነው ይህ ሳቅ ከምን እንደሚወለድ ነው። በሕፃን ላይ መሳቅና ከሕፃን ጋራ መሳቅ ሁለት ነገሮች ናቸውና፤ አንደኛው ሕፃኑን መጫወቻ ያደርገዋል፥ ሁለተኛው ግን አንባቢውን ራሱን ያስተምረዋል። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ የአርተር ኮናን ዶይልን ሥራ እንመልከት። ሼርሎክ ሆምዝ የተባለው መርማሪ በ1887 በወጣው በመጀመሪያው ታሪኩና በ1890 በወጣው በሁለተኛው፥ ፖሊስ ሊደርስበት በማይችለው ስፍራ ሁሉ እየገቡ የሚሰልሉለት የለንደን የጎዳና ልጆች አሉት። ለእያንዳንዱም ለቀኑ አንድ ሽልንግ ይሰጣል፤ የተፈለገችውን ጀልባ ላገኘው ልጅ ደግሞ አንድ ጊኒ ይጨምርለታል። እነዚህ ቡትቶ የለበሱ ልጆች በባዶ እግራቸው ደረጃውን እየደበደቡ ሲወጡ የቤቲቱ እመቤት ትደነግጣለች፤ እነርሱ ግን በሆምዝ ፊት እንደ ወታደር ተሰልፈው ይቆማሉ። ነገሩ ያስቃል፤ ሳቁም ክፋት የለበትም። ዳሩ ግን ሕፃናቱ ከውጭ ብቻ የታዩ ናቸው። አለቃቸው ዊጊንስ ሌሊት ምን እንደሚያስፈራው፥ ሽልንጉንም ምን እንደሚያደርግበት አንረዳም። ሥራቸውን ፈጽመው ይሄዳሉ፥ እኛም ስቀን እንረሳቸዋለን።

ኤሪክ ኬስትነር የተባለው ጀርመናዊ በ1929 «ኤሚልና መርማሪዎቹ» የተባለውን መጽሐፍ ባወጣ ጊዜ ግን ነገሩ ተለወጠ። ኤሚል የሰው ጠጕር እያጠበችና እያበጀች የምትኖር የአንዲት መበለት ልጅ ነው። እናቱ በድካሟ ካገኘችው 140 ማርክ ሰጥታ በርሊን ወዳለችው አያቱ በባቡር ትልከዋለች፤ 120ው ለአያቱ፥ 20ው ለእርሱ ነው። ልጁም ገንዘቡ እንዳይጠፋበት በኪሱ ውስጥ ከልብሱ ገበር ጋራ በስፒል ይወጋዋል። በመንገድ እንቅልፍ በወሰደው ጊዜ ግን በዚያው ክፍል አብሮት የተቀመጠው ባለ ባርኔጣ ሰው ይሰርቀዋል።

እንዲህ ያለ ነገር ያገኘው ሰው ሁሉ ወደ ፖሊስ ይሮጣል። ኤሚል ግን አይሮጥም። ምክንያቱም በሚኖርበት ከተማ ለቆመው ለአንድ መስፍን ሐውልት በጠመኔ ቀይ አፍንጫና ጥቁር ጢም ሥሎለታል፤ ስለዚህ ራሱን እንደ ወንጀለኛ ይቈጥራል፥ ፖሊስም ከሌባው ይልቅ እርሱን የሚያስር ይመስለዋል።

አንባቢው እዚህ ላይ ሲደርስ ይስቃል። የሚስቀው ስለ ምንድር ነው? ሕፃኑ ሞኝ ስለ ሆነ አይደለም። ሕፃኑ በሕፃን ሚዛን የጠመኔውን ጢምና የባቡሩን ሌብነት አስተካክሎ ስለ መዘነ፥ ይህንም በፍጹም ቁም ነገር ስላደረገው ነው። ኤሚል አንዲት ጊዜ እንኳ ሊያስቀን አይፈልግም፤ ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ደግሞም ይህ ፍርሃት በታሪኩ ላይ እንደ ጌጥ የተንጠለጠለ አይደለም። ለፖሊስ መናገር ስላልቻለ ሌባውን በራሱ እግር ሊከተለው ግድ ሆነበት፤ ሲከተለውም የበርሊን ልጆች ተሰብስበው አገዙት። የሚያስቀው ነገርና ታሪኩን ወደ ፊት የሚነዳው ነገር ከአንድ ሥር በቀሉ ማለት ነው። ለደራሲው ከዚህ የበለጠ ምስጋና የለም።

ልጆቹ ሲመክሩ የሚናገሩትም እንዲሁ ነው። ገንዘቡን ከሌባው መልሰን እንስረቅ የሚል አሳብ ሲነሣ፥ ፕሮፌሰር ብለው የሚጠሩት ልጅ በስውር የወሰደ ሁሉ ሌባ ነው ብሎ ይከራከራል። መነጽር ያደረገ ልጅ እንደ ትልቅ ዳኛ ሲፈርድ ማየት ያስቃል፤ ፍርዱ ግን ቅን ነው። ዲንስታግ የሚባለው ታናሹ ልጅ ደግሞ ሌሎቹ ሌባውን ሲያሳድዱ እርሱ በቤቱ ስልክ ይጠብቅ ዘንድ ታዘዘ። መሄድ እየፈለገ ከስልኩ አልተለየም። በመጨረሻም ሁሉ በሚመሰገኑበት ቀን የኤሚል አያት ከሁሉ አስቀድማ የምታነሣው ይህን ታናሽ ልጅ ነው። ሌባውንም ያጋለጠው ጥበብ አይደለም፤ በገንዘቡ ላይ የቀረው የስፒሉ ቀዳዳ እንጂ። የእናቱን ድካም ያሰበ ልጅ ጥንቃቄ ምስክር ሆነለት።

በቅርብ ዘመን ከወጡት ደግሞ የካናዳው ደራሲ አለን ብራድሊ በ2009 የጀመረውን የፍላቪያ ደ ሉስን ታሪክ መመልከት ይገባል። ፍላቪያ በ1950 በእንግሊዝ ገጠር የምትኖር የ11 ዓመት ልጅ ናት፤ ታሪኩንም የምትተርከው ራስዋ ናት። በአትክልታቸው ስፍራ የሚሞት ሰው ባገኘች ጊዜ ፈርታ አልጮኸችም፤ በሕይወቷ ካየችው ሁሉ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር መስሎ ታያት። ነገሩ ያስቃል፥ ጥቂትም ያስደነግጣል። ስለ መርዝና ስለ ኬሚስትሪ ያላት ዕውቀት ግን ከ11 ዓመት ልጅ ይገኛል ብዬ ለማመን አልቻልኩም፤ ንግግሯም አንዳንድ ጊዜ የተለሳለሰ የሽማግሌ ንግግር ይመስላል። ደራሲው ይህን መጽሐፍ ያሳተመው በ70 ዓመቱ ነውና አያስገርምም።

ይሁን እንጂ ለብስክሌቷ ግላዲስ የሚል ስም አውጥታ ስታነጋግራት፥ የምታስጨንቃትን እኅቷን ለመበቀል በከንፈር ቀለሟ ውስጥ የሚያሳክክ የቅጠል መርዝ ጨምራ ውጤቱን ስትጠባበቅ፥ የማታስታውሳትንም እናቷን ስትናፍቅ፥ እነሆ እውነተኛ ሕፃን ናት። ከዚህ የምንማረው፥ ሕፃን በታሪክ ውስጥ የሚታመነው በዕውቀቱ ልክነት ሳይሆን በልቡ ልክነት መሆኑን ነው። አእምሮው ቢያልፍ ይቅር እንላለን፤ ልቡ የሕፃን ካልሆነ ግን ሳቁ ይደርቃል።

ጌታችን ሕፃን ጠርቶ በደቀ መዛሙርቱ መካከል ባቆመ ጊዜ ሊያስቃቸው አልነበረም። የሚያስቀው ይልቁንም ማን ይበልጣል እያሉ የተከራከሩት የአዋቂዎቹ ነገር ነበር። መልካም ደራሲም እንዲሁ ያደርጋል፤ ሕፃኑን በሌቦችና በገዳዮች መካከል ሲያቆመው ሳቁ ዞሮ ወደ እኛ ይመለሳል። የጠመኔ ጢም ያስጨነቀው ልጅ እኛ ስንት ትልቅ በደል ሠርተን በሰላም እንደ ተኛን ያሳስበናል። ኤሚል ከታተመ ከአራት ዓመት በኋላ፥ በ1933፥ በዚያችው በበርሊን አደባባይ የተማሩ ሰዎች መጻሕፍትን ሲያቃጥሉ የኬስትነርም መጻሕፍት በእሳቱ ውስጥ ተጨመሩ፤ ደራሲውም በሕዝቡ መካከል ቆሞ ያይ ነበር። ከሌባ መስረቅም ሌብነት ነው ያለውን ልጅ የፈጠረው እርሱ ነው።

እንግዲህ በቋንቋችን የምስጢር ታሪክ ለመጻፍ የምትደክሙ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፥ ሕፃን ስታስገቡ ቀልድ አታስተምሩት። የሚፈራውን ፍርሃት፥ የሚጠብቀውን አደራ ስጡት። ሳቁ ሳይጠራ ይመጣል።