የሌሊቱ 10 ሰዓት ፈተና

በጨለማ የሚያበራ ሰዓት የሚሸጥ ሁሉ የሚያሳየው ትርኢት አንድ ነው። የስልኩን መብራት መስታወቱ ላይ ለጥቂት ሴኮንድ ይደግናል፤ በመዳፉ ይጋርደዋል፤ ከዚያ ገዢው በጣቶቹ መካከል አጮልቆ እንዲያይ ይጋብዘዋል። ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ይንቦገቦጋል። ገዢው ይከፍላል። ሰዓት ጠጋኝ በመሆኔ የትርኢቱ ቀጣይ ክፍል የሚደርሰው እኔ ጋ ነው። «ጋሼ፣ ስገዛው ያበራ ነበር፤ አሁን እምቢ አለ» የሚል ደንበኛ አይጠፋም። ብዙውን ጊዜ ሰዓቱ አልተበላሸም። ያኔም አቅሙ ያቺን ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር።

የሌሊት ዘበኛ፣ ተረኛ ነርስ፣ ለማኅሌት የሚነሳ ዲያቆን፣ በረመዳን ሱሑር እንዳያልፈው የሚሰጋ ጿሚ፣ በሌሊት የሚነዳ የጭነት መኪና ሾፌር፣ ሁሉም ሰዓታቸውን የምር የሚፈልጉት ከሌሊቱ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። በዚያን ጊዜ ሰዓቱ ብርሃን ካየ ብዙ ቆይቷል፤ እጅ ቀዝቅዟል፤ ዓይን እንቅልፍ አለበት። ጠንካራ የሚባል ሰዓት ስመርጥ ብርሃኑንም፣ መስታወቱንም፣ ማሰሪያውንም የምመዝነው በዚያ ሰዓት ላይ ቆሜ ነው። በሱቁ መብራት ሥር ሁሉም ሰዓት ጎበዝ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ብርሃኑ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። ዛሬ በአብዛኛው ሰዓት ላይ ያለው አብሪ ቀለም ብርሃን አጠራቅሞ ቀስ በቀስ የሚመልስ ነው። ዋናው ንጥረ ነገር ስትሮንቲየም አሉሚኔት ሲሆን ጥቂት ዩሮፒየም ይገባበታል። የጃፓኑ ኔሞቶ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1993 ሉሚኖቫ ብሎ ያወጣው፣ በኋላም ስዊዞች ሱፐር ሉሚኖቫ ያሉት ይኸው ነው፤ የሴይኮ ሉሚብራይትም ከዚሁ ወገን ነው። ጨረር የለውም፣ ለዓመታትም ያገለግላል። ጠባዩ ግን የእንስራ ነው፤ ከተሞላው በላይ አይቀዳም።

አቀዳዱም እኩል አይደለም። መጀመሪያ ላይ ብርሃኑ በፍጥነት ይወርዳል፤ ከዚያ ደካማ ሆኖ ለረጅም ሰዓታት ይቆያል። የሱቁ ትርኢት የሚያሳየው የመጀመሪያዋን ብልጭታ ነው፤ ሌሊቱን የሚያሻግረው ግን ያ ደካማው ጭራ ነው። የጭራው ርዝመት በአብሪው ዱቄት ጥራትና በቀለሙ ውፍረት ይወሰናል። ስለዚህ ሰዓቱን አጋድሜ በማጉያ መነጽር አየዋለሁ። ቀለሙ ጉብ ብሎ ከተቀመጠ ደስ ይለኛል፤ ወረቀት ላይ እንደታተመ ከሳሳ ሌሊቱን አይዘልቅም። በተለይ የማየው ቆጣሪዎቹን ነው። ቆጣሪዎች ጠባብ ስለሆኑ የሚይዙት ቀለም ትንሽ ነው፤ ፋብሪካዎችም የሚቆጥቡት እዚያ ላይ ነው። አሥራ ሁለቱ ነጥቦች ቦግ ብለው ቆጣሪዎቹ ቢጠፉ ክብ ጌጥ ይሆናል እንጂ ሰዓት አይነግርም።

ዘበኛ ደንበኞቼ ላይ የማየው ችግር ደግሞ ከቀለሙ ውጪ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተረኛ የሚገባ ሰው ካፖርቱን ለብሶ፣ ጋቢውን ደርቦ ነው የሚመጣው። ሰዓቱ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እጅጌ ሥር ውሎ፣ ፀሐይ ሳያየው ሌሊት ይገባል። ውዱ ቀለምም ቢሆን ካልተሞላ ምን ይሰጣል? ፀሐይ ለጥቂት ደቂቃ ብታገኘው ይበቃዋል፤ ቢጫ የኮሪደር አምፖል ግን እምብዛም አይሞላውም። ለእንዲህ ያለው ሰው ወይ ራሱ የሚያበራ ሰዓት፣ ወይ ቁልፍ ሲጫን የሚበራ ዲጂታል ይሻለዋል።

ራሱ የሚያበራው ትሪቲየም የሚባል ጋዝ ያለበት ነው። ጋዙ በጣም ቀጭን በሆነ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ይታሸጋል፤ የቱቦው የውስጥ ግድግዳ በአብሪ ንጥረ ነገር ይለበጣል፤ ከጋዙ የሚወጣው ደካማ ጨረር ልባጩን እየመታ ያበራዋል። ጨረሩ መስታወቱን አልፎ አይወጣም። ቱቦዎቹን በመሥራት የታወቀው በስዊዘርላንድ በርን አጠገብ ኒደርዋንገን ያለው ኤምቢ ማይክሮቴክ ነው፤ ሉሚኖክስ፣ ትሬዘር፣ ቦልና ማራቶን ሰዓቶች ላይ ይገኛሉ። ብርሃኑ ፀሐይ አይፈልግም፣ ከምሽቱ 1 ሰዓትም ከሌሊቱ 10 ሰዓትም ያው ነው። ግን ዕድሜ አለው። ትሪቲየም በ12 ዓመት ከጥቂት ወር ውስጥ በግማሽ ይቀንሳል፤ በ25 ዓመቱ ሩብ ገደማ ይቀራል። ከውጭ ዘመድ «ያገለገለ ግን አዲስ የመሰለ» ሲልክ መጀመሪያ የምጠይቀው ዋጋውን ሳይሆን የተሠራበትን ዓመት ነው።

የቁልፍ መብራት ያለው ዲጂታል ብዙ ይናቃል፤ እኔ አልንቀውም። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው ካሲዮ ኤፍ-91 ደብሊው መብራቱ ትንሽ ቢሆንም ርካሽ ነው፣ ባትሪው ለዓመታት ይሄዳል፣ ሲጫኑት ሁልጊዜ ይበራል። ጉድለቱ ሁለተኛ እጅ መፈለጉ ነው፤ አንድ እጁ ዱላ፣ ሌላው የእጅ ባትሪ የያዘ ሰው ያውቀዋል።

ከብርሃን ምንጮች ሁሉ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ማንም አዲስ የማይገዛው ነው። ማሪ ኩሪ እና ፒየር ኩሪ ራዲየምን ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1898 ነው። ከዚንክ ሰልፋይድ ጋር ሲደባለቅ ያለማቋረጥ የሚያበራ ቀለም ሆነ፤ አንደኛው የዓለም ጦርነትም ለምሽግ ወታደሮች ተፈላጊ አደረገው። አሜሪካ ውስጥ በኒው ጀርሲዋ ኦሬንጅ፣ በኢሊኖይዋ ኦታዋና በኮነቲከቷ ዋተርበሪ ቀለሙን የሚቀቡት ወጣት ሴቶች ነበሩ። ብሩሹ እንዲሾል በከንፈራቸው እያጠበቡት ይቀቡ ነበር፤ በዚያው ራዲየሙ በአፋቸው ገባ። መንጋጋቸው በሰበሰ፣ አጥንታቸው ተሰባበረ፣ ብዙዎቹም ሞቱ። ከእነዚህ ሴቶች አንዷ የነበረችው ግሬስ ፍሬየርና አራት ባልደረቦቿ የመሠረቱት ክስ እ.ኤ.አ. በ1928 በስምምነት ተቋጨ።

ይህ ታሪክ ጠጋኝን በቀጥታ ይነካዋል። ራዲየም በግማሽ እስኪቀንስ 1600 ዓመት ይፈጃል፤ ዚንክ ሰልፋይዱ ግን በጨረሩ እየተደበደበ ከዚያ በፊት አርጅቶ ያበቃለታል። ስለዚህ አያት የተዉት የወታደር ሰዓት ዛሬ አያበራም፣ ጨረሩ ግን አለ። ቀለሙ የተቃጠለ ቡና መስሎ ጠቁሮ፣ ተሰነጣጥቆ ካየሁ አልፍቀውም፣ አላራግፈውም፤ አደጋው በሳንባ የሚገባው ብናኝ ነው። «ቀለሙን አድስልኝ» የሚል ደንበኛ ቅር ቢለውም ክዳኑን እንደዘጋሁ እመልስለታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ራዲየምን የተካው የትሪቲየም ቀለም ነው፤ በገጹ ግርጌ «ቲ» የምትለዋ የላቲን ፊደል ትገኝበታለች። እሱም ዛሬ ደክሟል፤ ለመልኩና ለታሪኩ እንጂ ለሌሊት አይገዛም።

ብርሃን ካለ በኋላ ዓይን ይመጣል። ጨለማ ውስጥ የገባ ዓይን በደንብ እስኪለምድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ በደንብ የሚያየው ሰማያዊና አረንጓዴ የሚገናኙበትን ቀለም ነው። ቀይና ብርቱካናማ ቀድመው ይጠፋሉ። ስለዚህ ቀን ላይ ያማረው ብርቱካናማ ቆጣሪ ሌሊት አያኮራም። በጨለማ ሰዓቱ ተገልብጦም ሊታይ ይችላል፤ 12 ላይ ያለው ምልክት ከሌሎቹ የተለየ፣ የሰዓቱ ቆጣሪ ደግሞ ከደቂቃው በቅርጽ የተለየ መሆን አለበት። በእንቅልፍ ዓይን 4 ሰዓት ከ10ን 2 ሰዓት ከ20 አድርጎ ማንበብ ቀላል ነው።

ጥንካሬ ላይ ስንደርስ ጽሑፉን በልኩ ማንበብ ያስፈልጋል። ክዳኑ ላይ «30 ሜትር» የሚለው 30 ሜትር ጥለቁ ማለት አይደለም፤ ዝናብና እጅ መታጠብ ይችላል ማለት ነው። ለመዋኘት 100 ሜትር የተጻፈበትን እመክራለሁ። የጠላቂዎች ሰዓት መለኪያ የሆነው አይኤስኦ 6425 ደግሞ ከውኃው በተጨማሪ ሰዓቱ በጨለማ ከ25 ሳንቲ ሜትር ርቀት እንዲነበብ ያስገድዳል፤ ይህን ያሟላ ሰዓት ቆጣሪው ላይ አይሰስትም። «ሾክ ሬዚስታንት» የሚለውም ቢሆን በመደበኛው መለኪያ ከ1 ሜትር ከፍታ እንጨት ወለል ላይ ከመውደቅ ጋር የሚስተካከል ምት ነው። ከዚያ በላይ ለሚፈልግ ኪኩኦ ኢቤ የፈጠረው፣ እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ካሲዮ ጂ-ሾክ አለ፤ ዓላማው ከ10 ሜትር መውደቅን መቋቋም ነበር።

ውኃና ብርሃን የሚገናኙበትን ቦታ ብዙ ሰው አያውቅም። ስትሮንቲየም አሉሚኔት እርጥበት ጠላቱ ነው። ክዳኑ ሥር ያለው ቀጭን ጎማ ደርቆ እርጥበት ሲያስገባ ከማሽኑ ዝገት ጋር ቀለሙም ይሞታል። ባትሪ በተቀየረ ቁጥር ጎማው ይታይ፣ ከደከመ ይቀየር የምለው ለዚህ ነው።

መስታወትን በተመለከተ የእኛ አቧራ ዳኛ ነው። በአቧራው ውስጥ ያለው የኳርትዝ አሸዋ ጥንካሬው በሞህስ መለኪያ 7 ነው፤ ተራው የሰዓት መስታወት ከዚያ በታች ስለሆነ ይጫጫራል። ሳፋየር 9 ስለሆነ አይጫጫርም፤ ክፉኛ ከተመታ ግን ይሰበራል። ፕላስቲኩ ቶሎ ይጫጫራል፣ ግን አይፈረካከስም፣ በጥርስ ሳሙና ተወልውሎም ይመለሳል። ለሾፌርና ለግንበኛ ሳፋየሩ ዋጋውን ያወጣል።

ማሰሪያ ሲታይ ቀላል ነገር ይመስላል። ሰዓት ጠፋብኝ ከሚሉኝ ብዙዎቹ ግን የጠፋባቸው ማሰሪያውን ከቀፎው የሚያያይዘው፣ ሞላ ያለው ቀጭን ዘንግ ስለተፈናጠረ ነው። የእንግሊዝ መከላከያ እ.ኤ.አ. በ1973 በመለኪያ ያጸደቀው፣ ዛሬ ኔቶ የሚባለው የናይለን ማሰሪያ በሁለቱም ዘንጎችና በሰዓቱ ሆድ ሥር ያልፋል፤ አንዱ ዘንግ ቢለቅ ሰዓቱ በሌላው ተንጠልጥሎ ይቀራል። ርካሽ ነው፣ ይታጠባል።

አንድ ምክሬ ደንበኞችን ያስገርማል፦ ቀን የሚቆጥር ሰዓት አትግዙ። ሰዓታችንን ንጋት 12 ላይ አድርገን የምንሞላ ሰዎች ነን፤ ስለዚህ ቀኑ ወይ ንጋት ላይ ወይ ምሽት ላይ ይዞራል። በዚያ ላይ ቀለበቱ እስከ 31 ይቆጥራል፣ የእኛ ወር 30 ነው፤ ጳጉሜ ደግሞ 5 ወይም 6። ማስተካከል በየወሩ ነው። በየወሩ መሙያው ሲጎተት ደግሞ አንገቱ ላይ ያለው ጎማ ይበላል፣ መሙያው በደንብ ሳይጠብቅ ሲቀርም ውኃ ይገባል። ቀን የሌለው ሰዓት መሙያው ብዙ ስለማይነካ ረጅም ዕድሜ ይኖረዋል።

ጥቁር ልባጭ፣ የጫካ ቀለም፣ ገጹን የሞሉ ትንንሽ ክቦች፣ እነዚህ ሁሉ ጥንካሬ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። እንዲያውም የተጨናነቀ ገጽ ሌሊት ላይ አይነበብም። ገንዘቡ ካነሰ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ የሚነበቡ ቆጣሪዎች፣ ቀጥሎ ጤነኛ ጎማ፣ ከዚያ ማሰሪያ፣ ከዚያ መስታወት፣ መልክ መጨረሻ።

እና የሱቁን ትርኢት አትጥሉት፣ አስረዝሙት። ሁለት ሦስት ሰዓት ምረጡና እኩል ብርሃን ይሰጣቸው፤ ከዚያ ሻጩ መሳቢያ ውስጥ ይዝጋባቸው። ሌላ ጉዳያችሁን ጨርሳችሁ ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ተመለሱ፣ መሳቢያውን በጋቢ ከልላችሁ ክፈቱና ዓይናችሁ ጨለማውን እስኪለምድ ጠብቁ። ቆጣሪዎቹ አሁንም የሚነበቡትን ግዙ። ሻጩ መጠበቁ ከሰለቸው ሌላ ሱቅ አለ።