ከቅርፊቱ በስተ ውስጥ፦ የውኃና የአየር ክፍፍል በማቀዝቀዣ ማማ

ጀርመናውያኑ ባልና ሚስት በርንድና ሂላ ቤኸር ዕድሜያቸውን የፋብሪካ ግንባታዎችን ፎቶ በማንሣት አሳለፉ። ሰማዩ ደመና እስኪለብስ ይጠብቃሉ፤ ካሜራውን ፊት ለፊት ይተክላሉ፤ ሰው በፎቷቸው ውስጥ አይታይም። የማቀዝቀዣ ማማ (ባለሙያው ኩሊንግ ታወር የሚለው) ደጋግመው ከተመለሱባቸው ርዕሶች አንዱ ነበር። በ1990 የቬኒስ ቢየናሌ ሲሸልማቸው ሽልማቱ የተሰጠው በቅርጻ ቅርጽ ዘርፍ ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሥራዎቻቸውን አደንቃለሁ። ሆኖም ከእነሱ በኋላ ስለ ማማው የሚጻፈው አብዛኛው ነገር የውጪውን ቅርፅ ብቻ እያየ መቅረቱ የፈጠራውን ዋና ጉዳይ ጋርዶታል ብዬ አምናለሁ። ዋናው ጉዳይ ክፍፍል ነው፤ ውኃው በስፋቱ ሁሉ እኩል ይወርድ ዘንድ፣ አየሩም ያንን ውኃ ሳያዳላ ያገኘው ዘንድ ማድረግ።

የቅርፊቱ ታሪክ የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ ልለፈው። ወገበ ቀጭኑን የአርማታ ማማ የፈጠሩት የኔዘርላንድስ መሐንዲሶቹ ፍሬደሪክ ቫን ኢተርሰንና ሄራርድ ኩይፐርስ ናቸው፤ የመጀመሪያው በ1918 በሄርለን አቅራቢያ ኤማ በተባለው የመንግሥት የከሰል ማዕድን ተሠራ። በ1924 ሊቨርፑል ደረሰ፤ በኋላም በጀርመን ኒደራውሰም 200 ሜትር ከፍታ ያለው ቆመ። ቅርፁ ስስ ግድግዳ ነፋስን እንዲቋቋም ያደርጋል፤ ከፍታው ደግሞ ሞቃቱና እርጥቡ አየር ከውጪው ስለሚቀል ያለ ማራገቢያ ሽቅብ እንዲሳብ ያደርገዋል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ከ100 ሜትር በላይ በሚቆም ማማ ውስጥ ውኃና አየር በትክክል የሚገናኙት ከታች ባሉት ጥቂት ሜትሮች ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ጭስ ማውጫ ነው፤ አየሩን እስከ ደጃፍ ያመጣል፤ ከገባ በኋላ ለማን ምን ያህል እንደሚደርስ ግን አይወስንም።

በማማው ሥር የሚሆነውን ማንኛውም የእንስራ ውኃ የጠጣ ሰው ያውቀዋል። እንስራው በላቡ እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ፣ የማማው ውኃም ጥቂቱ ተንኖ የቀረውን ያበርደዋል። 1,000 ሊትር ውኃን በ10 ዲግሪ ለማቀዝቀዝ 15 ሊትር ያህሉ ቢተን ይበቃል። የትነቱ ወሰን ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ቴርሞሜትር የሚያሳየው ሙቀት ነው፤ አየሩ ምንም ያህል ቢበዛ ውኃው ከዚያ በታች አይወርድም።

የክፍፍል ጥያቄ የሚከብደው ይህ ወሰን በመኖሩ ነው። ውኃው በ40 ዲግሪ ገብቶ፣ ከ10 እጅ 9ኙ በደንብ አየር አግኝቶ 27 ዲግሪ ደረሰ እንበል። አንዱ እጅ ግን በተደፈነ ወይም በተሰበረ ቦታ ተንዶ በ38 ዲግሪ ገንዳው ውስጥ ወደቀ። ድብልቁ ከ28 ዲግሪ በላይ ይሆናል። ያንን አንድ ዲግሪ ለማካካስ ዘጠኙ እጅ የባሰ መቀዝቀዝ አለበት፤ ወደ ወሰኑ በቀረበ ቁጥር ግን እያንዳንዷ ክፋይ ዲግሪ እጅግ ብዙ አየር ትጠይቃለች። በአንድ በኩል የበዛው በሌላው በኩል የጎደለውን አይሞላም። በኃይል ማመንጫ ደግሞ ያ አንድ ዲግሪ እንፋሎቱን መልሶ ውኃ በሚያደርገው ኮንደንሰር ውስጥ ያለውን ቫኪዩም ያሳንሳል፤ ተርባይኑ በዚያው ነዳጅ ያነሰ ኤሌክትሪክ ይሰጣል።

ችግሩ ራሱን የሚያባብስ መሆኑም አለ። አየር ቀላሉን መንገድ ይመርጣል። ውኃ በብዛት በሚወርድበት ቦታ መተላለፊያው ይጠብበታልና ይሸሻል፤ ደረቅ ወደሆነው ክፍል ይጎርፋል። ስለዚህ አየር በጣም የሚያስፈልገው ውኃ አየር ያጣል፤ አየሩም ውኃ በሌለበት በከንቱ ያልፋል። የውኃው ክፍፍል ሲበላሽ የአየሩም አብሮ ይበላሻል።

የድሬስደኑ ፍሬድሪክ ሜርክል በ1925 ያወጣው ንድፈ ሐሳብ ይህን አይነካም። ሜርክል የሙቀትንና የትነትን ሽግግር አንድ አድርጎ፣ የማማውን ብቃት በአንድ ቁጥር መለካት እንዲቻል አደረገ፤ መሐንዲሶች እስከ ዛሬ ይጠቀሙበታል። ውበቱ ግን ከአንድ ግምት የመነጨ ነው፤ በእያንዳንዱ ከፍታ ላይ ውኃውም አየሩም በስፋቱ ሁሉ አንድ ናቸው የሚል። በእኔ አመለካከት የተከተሉት አሠርት ዓመታት የፈጠራ ሥራ፣ ስም ያላተረፈው፣ ይህን ግምት እውነት ለማድረግ የተደረገ ጥረት ነው።

ያ ጥረት በአብዛኛው የሚታየው በኖዝሉ (በውኃ መርጫው አፍ) ነው። አየር ከታች ወደ ላይ በሚወጣበት ማማ ውስጥ ውኃው በቧንቧ ተገፍቶ ይመጣና በብዙ የፕላስቲክ ኖዝሎች ቁልቁል ይወጣል። ከቀዳዳው ሥር ጥርስ ያላት ትንሽ ሳህን አለች፤ ውኃው ይመታትና ዣንጥላ ሆኖ ይዘረጋል። የጎረቤታሞቹ ዣንጥላዎች ጠርዝ ለጠርዝ መደራረብ አለባቸው። ፓምፑ ቀነስ ሲደረግ ግፊቱ ይወርዳል፤ ዣንጥላውም ይሰበሰባል፤ በመካከል ደረቅ ቦታ ይቀራል። ያ ቦታ አንዴ እየራሰ አንዴ እየደረቀ በቆየ ቁጥር ነጭ የኖራ ቅርፊት ይጋግራል። በሌላ በኩል አንዲት ቅጠል ወይም ተሰብሮ የመጣ የዝገት ቁራጭ ቀዳዳውን ቢዘጋ ከሥሩ ያለው ክፍል ሁሉ ውኃ ያጣል። ጉዳቱን ከውጭ የሚያየው የለም፤ ኖዝሎቹ ጠብታ ከአየሩ ጋር እንዳያመልጥ ከሚይዘው ማገጃ በታች ተሸፍነዋልና።

አየር ከጎን በሚገባበት ዓይነት ግን ሙቁ ውኃ ከላይ በተከፈተ ገንዳ ይተኛና በወለሉ ቀዳዳዎች በራሱ ክብደት ይወርዳል። ሠራተኛው ወጥቶ የተደፈነውን በዓይኑ አይቶ በእጁ ያጸዳዋል። ይህኛው ዓይነት ብዙ ጊዜ ሰፊ ቦታ ይይዛል፤ በሥነ ጽሑፉም ያረጀ ተደርጎ ሲነቀፍ አነባለሁ። እኔ ግን ጠጋኙ የሚደርስበት መሆኑን ከብቃት መለኪያዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ። ሥራ በጀመረ በአሥረኛ ዓመቱ ግማሽ ኖዝሉ የተደፈነ ማማ በፋብሪካ ወረቀት ላይ ያለው ብቃት አይጠቅመውም።

እኩልነት ሁልጊዜ ፍትሕ አይደለም፤ ይህን መሐንዲሶቹ ቀስ በቀስ ተረድተዋል። በትልቅ ክብ ማማ አየሩ ከዙሪያው ስለሚገባ መሃሉ ደካማና የሞቀ አየር ነው የሚያገኘው፤ ስለዚህ ለዙሪያው ብዙ፣ ለመሃሉ ጥቂት ውኃ የሚመድብ ሥርዓት ተሠራ። በብርድ አገሮች ደግሞ ክረምት ሲገባ ሙቁ ውኃ ወደ ጠርዙ ተመርቶ በአየር መግቢያው ላይ እንደ መጋረጃ ይወርዳል፤ በረዶ እንዳይጋገር።

ውኃው የሚወርድበት ንጣፍም የዚሁ ጉዳይ ክፍል ነው። መጀመሪያ የእንጨት ርብራብ ነበር፤ ጠብታው እየተጋጨ ይበተናል። በኋላ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ንጣፎች መጡ፤ ዛሬ ግን የተቆለመመ ስስ የፒቪሲ ንጣፍ በዝቷል፤ በንጣፎቹ መካከል ያለው ክፍተት ብዙ ጊዜ 2 ሳንቲሜትር አይሞላም። ውኃው ስስ ሽፋን ሆኖ ስለሚወርድ ብቃቱ ከፍተኛ ነው። ጭቃና ሕያው ዝቃጭ ያለበት ውኃ ሲመጣ ግን ያው ጠባብ ክፍተት ይደፈናል፤ ብዙ ቃል የተገባለት ንጣፍ በቆሻሻው ክብደት ተሰብሮ ይወድቃል። በቆሻሻ ውኃ ለሚሠራ ፋብሪካ የድሮው ርብራብ ዛሬም የተሻለ ምርጫ ነው።

የክፍፍል ስህተት ከማማው ውጭም ሕይወትና ንብረት አጥፍቷል። ኅዳር 1 ቀን 1965 በእንግሊዝ ፌሪብሪጅ ከስምንት ማማዎች ሦስቱ በነፋስ ፈረሱ። የወደቁት በነፋሱ ፊት የቆሙት አልነበሩም፤ ከኋላ የነበሩት ናቸው። ነፋሱ በፊተኞቹ መካከል ሲሾልክ ፈጥኖና ተናውጦ ደረሰባቸው። ሌላው ጉዳይ ከዚህ ይብሳል። በ1976 ፊላደልፊያ ውስጥ በተደረገ የአሜሪካ ዘማቾች ጉባኤ ምክንያቱ ያልታወቀ የሳንባ ምች ተነሣ፤ 182 ሰዎች ታመው 29ኙ ሞቱ። በሚቀጥለው ዓመት ጥር ጆሴፍ ማክዴድ ሌጂዮኔላ የተባለውን ባክቴሪያ ለየ። ባክቴሪያው ለብ ባለ ውኃና በዝቃጭ ውስጥ ይራባል፤ ከማማው በሚወጣው አየር ላይ ተንሳፍፈው የሚሄዱ ጥቃቅን ጠብታዎችም ወደ ሳንባ ያደርሱታል። በ2015 በኒው ዮርክ ሳውዝ ብሮንክስ በአንድ ሕንፃ ጣሪያ ላይ ካለ ማማ የተነሣው ወረርሽኝ 16 ሰው ገደለ፤ ከተማዋም በዚያው ዓመት ማማዎች ሁሉ እንዲመዘገቡና በየጊዜው እንዲመረመሩ ሕግ አወጣች። ዘመናዊው ጠብታ ማገጃ አየሩን በጠመዝማዛ መንገድ እያሳለፈ፣ ከሚዘዋወረው ውኃ 0.001 በመቶ የማይሞላው ብቻ እንዲያመልጥ ያደርጋል። ነገር ግን ከጋጠሚያው ተንሸራትቶ ክፍተት የተወ አንድ ማገጃ አየሩን ወደዚያ ቀዳዳ ይስባል፤ ከላይ ያነሣሁት የአየር ባሕርይ እዚህም ይሠራል።

ውኃውን ጨርሶ ከአየሩ የለየው የሃንጋሪው ላስሎ ሄለር ነው። በ1950 ለንደን በተካሄደ የዓለም ኃይል ጉባኤ ላይ ያቀረበው ሐሳብ ውኃው በተዘጋ ቱቦ ውስጥ እየዞረ በአየር ብቻ እንዲቀዘቅዝ ነበር፤ በ1962 በእንግሊዝ ሩጅሊ በኃይል ማመንጫ ተሞከረ። ውኃ ብርቅ በሆነባት ደቡብ አፍሪካም ኬንዳል ላይ ግዙፍ ደረቅ ማማዎች ቆመዋል፤ ማቲምባ ላይ ደግሞ እንፋሎቱ በቀጥታ በማራገቢያ በሚነፋ አየር ይቀዘቅዛል። ኖዝልም ሌጂዮኔላም እዚህ የሉም። ወሰኑ ግን ተቀይሯል፤ ውኃው ከደረቁ አየር ሙቀት በታች ሊወርድ አይችልም፤ በሞቃት ቀትር ማመንጫው አቅሙ ይቀንሳል። ቀድሞ ለሁለት ይካፈል የነበረው ሸክም በሙሉ በአየሩ ላይ ወድቋል። ነፋስ ከጎን ሲመታ የወጣው ሙቅ አየር ተመልሶ በማራገቢያዎቹ ይሳባል፤ በጠርዝ ያሉት ማራገቢያዎችም በቂ አየር ያጣሉ። መሐንዲሶች ዛሬ ከእነዚህ መሣሪያዎች ሥርና ዙሪያ የነፋስ መከላከያ መረብና ግድግዳ እየሠሩ የሚሞክሩት የአየሩን ክፍፍል ለማስተካከል ነው።